መተላለፊያ እና በረንዳ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የተማሪዎች መኖሪያ ብሎክ ነው። መስኮቶቹ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል፣ አንዱ መስኮት ላይ ፎጣ ተሰጥቷል፣ ከታች አንድ ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። «መምህር፣ እስቲ ይሄ የት ይመስልዎታል?» ይላል ከሥሩ የጻፈው። እኔም ሳላመነታ «ነቀምቴ ነዋ! ሰው ሰፈሩ ይጠፋዋል እንዴ?» ብዬ መለስኩለት። ከነሳቁ የድምፅ መልእክት ላከ። ሰመራ ነው።

ሰመራ! የአፋር በረሃ ላይ ያለችው ሰመራ። እኔ ባኬ ጃማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ዕድሜ ልኬን ስለ ቤት አሠራር ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ከተማዬን ከሰመራ መለየት አቃተኝ። መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስለው ከርሜ ዛሬ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩን ከሥሩ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አገራችን የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኤርትራ ስትለይ የአስመራውም ሄደና አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ቀሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና ደቡብ (የአሁኑ ሐዋሳ) ተጨመሩ። ከዚያ መንግሥት በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ላቁም ብሎ ተነሣ። የግንባታውን አመራር ለጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ ያኔ ጂቲዜድ እንለው ለነበረው፣ ሰጠ። ነቀምቴ፣ ሰመራ፣ ጅጅጋ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሮቤ፣ ወላይታ ሶዶ፣ አክሱም... ሁሉም በዚያው ማዕበል የመጡ ናቸው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በሩን ከፈተ፣ በኋላ ጊምቢና ሻምቡ ላይም ካምፓስ ኖረው።

13 ቦታ ላይ በጥድፊያ ለመገንባት በየቦታው አዲስ ንድፍ መንደፍ አይቻልም ተባለ። ስለዚህ መማሪያው አንድ ዓይነት፣ ካፌው አንድ ዓይነት፣ ዶርሙም አንድ ዓይነት ሆነ። እዚህም እዚያም ትንሽ ነገር ቢቀየርም በመሠረቱ አንድ ወረቀት 13 ከተማ ዞረ ማለት ነው።

የአሠራር ዘዴውን ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሱታላችሁ። ቀድሞ ሶሌታ ሲሞላ ከሥሩ ጫካ የሚያህል ባሕር ዛፍ ይቆማል፣ ላዩ ላይ ጣውላ ይነጠፋል፣ ብረት ይታሰራል፣ ከዚያ ኮንክሪት ይፈሳል። በዚህኛው ግን ቀጫጭን ቢሞች መሬት ላይ ተሠርተው ይነሡና በትይዩ ይደረደራሉ፣ በመሃላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ይሰካል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ጣውላው ይተርፋል፣ ባሕር ዛፉ ይቀንሳል፣ ሲሚንቶም ይቆጠባል። አዲስ አበባ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረውና በኋላ አገር ምድሩን የሞላው ኮንዶሚኒየምም የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። የዶርሙ ታላቅ ወንድም በሉት። ዶርም ኖሮ የተመረቀ ሰው ዕጣ ወጥቶለት ኮንዶሚኒየም ሲገባ «ይሄን ግድግዳ የት ነው የማውቀው?» ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ራሴ ይህን ዘዴ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አድንቄዋለሁ። አሁንም አደንቀዋለሁ። ፍርዴ እንዳይዛባ ይህን አስቀድሜ ልናገር፦ ያ ጥድፊያ ባይኖር ኖሮ ከእናንተ ከምታነቡኝ ልጆች ግማሾቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ባልገባችሁ ነበር። የምሥራቅ ወለጋ ገበሬ ልጅ 331 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ካልገባ መማር የማይችልበትን ዘመን አይቻለሁ፣ ኖሬበታለሁም። «ይሄ ቤት አስቀያሚ ነው» ብሎ አፍን ሞልቶ የሚናገር ሰው አስቀድሞ የገባበት ሰው መሆን አለበት።

ግን...

ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም። ነቀምቴ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምትጠጣ ከተማ ናት። ይህ አዲስ አበባ ከምታገኘው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሰመራ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሙቀት ሌሊት የሚተፋው ተማሪው ሊተኛ ሲል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያው ግድግዳ ውርጭ ያስገባል። ነቀምቴ ላይ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሰማዩ ተቀዶ ይከርማል፣ ዝናቡም ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ነፋስ እየገፋው ጎን ለጎን ነው የሚመጣው። ለሦስቱም አንድ ወረቀት!

የወለጋ ሰው ይህን ዝናብ ሲያውቀው ኖሯል። የነቀምቴን አሮጌ ቤቶች እስቲ አስቡ። የጭቃ ቤት ይሁን የድንጋይ፣ ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይዘረጋል፣ ከሥሩ የእንጨት ምሰሶ ይቆማል፣ በመሃል በረንዳ ይፈጠራል። ሀብታምም ድሃም በዚህ አይለያዩም፣ የሚለያዩት በእንጨቱ ውፍረት ነው። ከተማችን መሃል ያለውን የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት የጎበኛችሁ ታውቁታላችሁ። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ቤት ነው፣ ግን ያንኑ ቋንቋ ይናገራል፦ ሰፊ ጣሪያ፣ እንጨት፣ ጥላ። የጎረቤታችን የቆርቆሮ ቤትም ያንኑ ነበር የሚናገረው።

በረንዳ ምን ይሠራል? ግድግዳውን ከዝናብ ያድናል። ልብስ ይሰጣበታል። ቡና ይፈላበታል። አንጮቴ ይላጥበታል። እንግዳ «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ተብሎ የሚቀመጥበት እሱ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ ሳይገባ፣ ሙሉ በሙሉም ደጅ ሳይቀር። እናቴ ያስታረቀቻቸው ጎረቤቶች ሁሉ የታረቁት በረንዳችን ላይ ነው። ሳሎን ግቡ ብትላቸው አይገቡም ነበር፣ ተኳርፈዋላ! በረንዳ ላይ ግን ሰው «ላልፍ ስል ነው» ብሎ ይቀመጣል።

ዶርም መተላለፊያ አለው፣ በረንዳ የለውም። አንዳንዱ ግቢ መተላለፊያው ዝግ ኮሪደር ነው፣ አንዳንዱ በአንድ በኩል ክፍት ነው፣ ሁለቱም የተለኩት ሰው እንዲያልፍባቸው ነው። ቁጭ ብትል የሚያልፈውን ሰው ትዘጋለህ። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ያለው ተደራራቢ አልጋ ነው፣ ከአልጋው የተረፈውን ሎከር ይዞታል። ታዲያ ሰውየው የት ይቀመጥ? ወይ አልጋው ላይ፣ ወይ ደጅ። አልጋው ላይ ከተቀመጠ ከማን ጋር ይቀመጣል? ከሚያውቀው ሰው ጋር ነዋ! የማታውቀውን ሰው አልጋህ ላይ አታስቀምጥም።

ጽሑፌ በሙሉ የመጣው ይህን ለማለት ነው። ዶርም በአገራችን የተለየ ቤት ነው። መንግሥት ከሞጣ፣ ከጅጅጋ፣ ከአርባ ምንጭና ከደምቢ ዶሎ ልጆች አምጥቶ አንድ ጣሪያ ሥር «አብራችሁ እደሩ» የሚልበት ሌላ ሕንፃ የለንም። (ካምፕ አለ በሉኝ፣ ልክ ናችሁ። እዚያ ግን አዛዥ አለ።) ይህን የሚያህል አደራ የተሸከመ ቤት ሲሳል ሰዎቹ እንዴት እንደሚተዋወቁ የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቀው ስንት አልጋ ይይዛል የሚል ነው።

የኔን ዘመን ላጫውታችሁ። የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም፣ ዛሬ ወዳጆቼ ያስተምሩበታል። ስምንት ነበርን በአንድ ክፍል። የእኔ አልጋ ላይኛው ነው፣ ከላዬ ጣሪያው ያፈሳል። የመጀመሪያው ክረምት አንድ ሌሊት ፊቴ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ነቃሁና ወደ ፕሮክተራችን ወረድኩ። «ጋሼ፣ አልጋዬ ላይ ውሃ እየወረደ ነው» አልኳቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቀና አሉና «አልጋህን ጎተት አድርገው የኔ ልጅ። ጣሪያውን እኔ ልጎትተው አልችል» አሉኝ። የት ልጎትተው? ግራ ቀኙ አልጋ ነው። ሊቀመንበራችን የነበረ የሞጣ ልጅ (የዶርሙ ሊቀመንበር ራሱን የሾመ ሰው ነው፣ ምርጫ አልነበረም) ፕላስቲክ ሰሃን አምጥቶ ደረቴ ላይ አስቀመጠልኝና «አትገላበጥ» ብሎኝ ተኛ።

እንግዲህ ስምንታችንም ከእናታችን ቤት የሚላክልን ነገር ነበር። ለእኔ ቆጭቆጫና በሶ፣ ለሞጣው ልጅ ዳቦ ቆሎ፣ ለሌላውም ሌላ። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። አልጋ ላይ ቢበላ ፍርፋሪው ትኋን ይጠራል ተብሎ በሊቀመንበራችን ታግዷል። ስለዚህ የምንበላው ደረጃው ላይ ነበር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ሲታጠፍ ሰፋ ያለች ቦታ አለች፣ መስኮትም ነበራት። እዚያ ስንቀመጥ የሌላው ዶርም ልጆች ሲወጡና ሲወርዱ በላያችን ይረማመዳሉ። «ግቡ ብሉ» ማለት ግድ ነው፣ በእግሩ እየረገጠህ ያለን ሰው ዝም አትለውም። አራተኛ ዓመት ላይ ስንደርስ ያቺ ደረጃ ላይ ያልበላ የብሎኩ ሰው አልነበረም። በሱማሊኛ መቁጠር የተማርኩት እዚያ ነው። ሚስቴን ያስተዋወቀኝም ልጅ የተገኘው እዚያ ነው፣ ይሄኛውን ሌላ ቀን።

አርክቴክቱ ያቺን ቦታ ለእኛ አስቦ አልሠራትም። ደረጃ መታጠፍ ስላለበት ነው የታጠፈው። በስህተት የተገኘች በረንዳ ነበረች። እኔ ደግሞ ስህተቱ ሆን ተብሎ ይሠራ ነው የምለው።

«ዝም ብለህ ነው፣ አብሮ መኖርና አሠራር ምን አገናኘው» የሚለኝ አይጠፋም። ታሪክ ልጥቀስለት፣ ያውም የነቀምቴን። ኦነሲሞስ ነሲብንና አስቴር ጋኖን የማያውቅ የወለጋ ሰው የለም። ሁለቱም በባርነት ተሸጠው የነበሩ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ምፅዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ቤት ኖረው ተምረዋል። እምኩሉ በተባለው በዚያ የሚሲዮን ግቢ ነፃ የወጡ የኦሮሞ ልጆች አንድ ላይ ይኖሩ ነበር፣ ከተለያየ ቀዬ የተነጠቁ። አስቴር በቃል የምታውቃቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ ዘፈኖች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች ሰበሰበች። ከነዚያ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር ባዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ ታተሙ። እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በኦሮምኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1904 ኦነሲሞስ ነቀምቴ መጥቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ አስቴርም እዚሁ አስተማረች። እስቲ አስቡት፣ ከአንድ መንደር የመጣች ልጅ ብቻዋን ብትቀመጥ የምታስታውሰው የመንደሯን ተረት ነው። ከሌላ ቀዬ የመጣችው ጓደኛዋ ማታ ስታወራ ግን «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚባለው» ይመጣል። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ሰነድ አምጣ አትበሉኝ፤ አዳሪ ቤት የኖረ ሰው ግን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላም አዳሪ ትምህርት ቤት ለወለጋ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ነቀምቴ፣ ቦጂ፣ አይራ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ስዊድኑም ጀርመኑም አሜሪካዊውም ሚሲዮን ልጆችን ሰብስቦ አስተምሯል። የደምቢ ዶሎው ቤቴል ያፈራቸው ሰዎች ዛሬ የት የት እንዳሉ ታውቃላችሁ።

ወደ አዲስ አበባም ብንሄድ ያው ነው። በ1950 ዓ.ም. ንጉሡ ለሌሎች አፍሪካ አገሮች ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጡ። ኬንያዊውና ናይጄሪያዊው መጥቶ ከኛ ልጆች ጋር ተማረ፣ አብሮም ኖረ። የተማሪዎችን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሰዎች የኛ ልጆች ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ መብት ጮክ ብሎ ማውራት ከነሱ እንደተማሩ ይናገራሉ። ንጉሡ ይህን አስበው ነበር? አይመስለኝም። በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡም ከዚያ ግቢ ምን እንደሚወጣ አላወቁም። ወጣቶች አንድ ግቢ ውስጥ ሲያድሩ የሚፈጠረውን ባለቤቱም አያውቀውም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ።

ስለ ወለጋ ግቢዎች የሚጻፍ ነገር በ2012 ዓ.ም. የሆነውን ዘልሎ ማለፍ አይችልም። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱትን ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴት ልጆች፣ ወላጆቻቸው እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ። ስማቸውን እየጠራሁ የማንንም ቁስል አልነካም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምደባ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። ባለፈው አንዲት እናት ከጎንደር ደወሉልኝ፣ ልጃቸው ወደኛ አካባቢ ተመድባ። «ወንድሜ፣ አንተ የአገሩ ሰው ነህ። ልላካት?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? መንገዱን እኔ አልጠብቀው። «እትዬ፣ ከተማ ከገባች ቤቴ ቤቷ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም። እሳቸውም «መንገዱስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ስለዚህ በረንዳ ሰላም ያመጣል የሚል ቀልድ ከኔ አትጠብቁ። ጠብመንጃ የያዘን ሰው የጣሪያ ስፋት አያስቆመውም። ግን ግቢ ውስጥ የሚሆነውንም አይቻለሁ። ምደባው ልጆቹን ቀላቅሎ ይመድባል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ በቋንቋ በቋንቋ ተፈላልገው አልጋ ይቀያየራሉ። አልፈርድባቸውም፣ ፈርተው ነው። አንድ ጊዜ ከተለያዩ በኋላ ግን የሚገናኙበት ቦታ ሕንፃው ውስጥ የለም። ክፍሉ የሚተኛበት ነው፣ ኮሪደሩ የሚታለፍበት ነው፣ ላይብረሪው ዝም የሚባልበት ነው፣ ካፌው ተሰልፎ የሚበላበት ነው። ረብሻ ሲነሳ ደግሞ ያ ጠባብ መተላለፊያ ምን እንደሚመስል የነበራችሁበት ታውቁታላችሁ። ሁሉም በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል፣ ከደጅ የሚሰማው እግር የማን እንደሆነ አይታወቅም። የሚያልፈውን ሰው ፊት የሚያውቁ ልጆች ቢኖሩበት ያ ሌሊት ትንሽ ይለይ ነበር። ትንሽ።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። አሁን ስለሚቻል ነው! በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ጀመረ፣ ልጆቹ ዶርም ገብተው እያደሩ ተፈተኑ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በተከታዩ 3.2 በመቶ። ለቀሪው ልጅ ያቺ የፈተና ሳምንት የመጀመሪያም የመጨረሻም የዶርም ኑሮው ሆና የምትቀርበት ዕድል ሰፊ ነው። (ይህ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ገጠር ያደገ ልጅ ዶርምን የሚያውቀው ከፈተና ፍርሃት ጋር ብቻ ሲሆን አስቡት።) ስለዚህ ለብዙ ሺህ ሰው የተሠሩ ግቢዎች የሚቀበሉት አዲስ ተማሪ ቀንሷል። ማሻሻያ ትምህርት የሚወስዱት ተጨምረውበትም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ለዓመታት «ቦታ የለም» ሲባል የኖረው ምክንያት ለጊዜውም ቢሆን ላልቷል። ግድግዳ ማፍረስ የሚቻለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

እኔ የምለው ውድ ነገር አይደለም። በየፎቁ ካሉት ክፍሎች አንዱን አልጋውን አውጥታችሁ የጋራ አድርጉት። በር አይኑረው። አግዳሚ ወንበር፣ የሻይ ውሃ የሚፈላበት ማውጫ፣ ሰፊ መስኮት፣ በቃ። ለነቀምቴ፣ ለጊምቢና ለሻምቡ ደግሞ ከምድር ቤቱ ፊት ሁለት ሜትር ከግማሽ የሚወጣ ጥላ ይሠራለት፣ በብረትም በእንጨትም ይሁን፣ ከሥሩ ሰው ይቀመጥ፣ በክረምት ልብስ ይድረቅ። ስድስት ወር ዝናብ የሚዘንብበት አገር ላይ ተማሪ ልብሱን መስኮት ላይ እያሰጣ ግድግዳውን ሻጋታ አለበሰው ብሎ መውቀስ ትክክል አይደለም። አሸንዳዎቹ ይጠረጉ፣ እሱ እንኳ ንድፍ አይፈልግም፣ መሰላል ነው የሚፈልገው። ሰመራና ጅጅጋ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጠይቁ፣ እዚያ የሚያስፈልገው የኔ በረንዳ ላይሆን ይችላል። እዚያ ጥላና የሌሊት ነፋስ ነው ጉዳዩ። እኔ የነቀምቴን መድኃኒት ለሰመራ ካዘዝኩ ያው አንዱን ወረቀት ደገምኩት ማለት ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ፕሮክተሮችንና የፅዳት ሠራተኞችን ጠይቋቸው። ስንት ዓመት ቤቱን ሲጠርጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ውሃው የት እንደሚቋት፣ ልጆቹ ማታ የት እንደሚሰበሰቡ፣ የትኛው ጥግ እንደሚያስፈራ ከነሱ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ አላየሁም።

«ድሃ አገር ነን፣ ለነፃ ዶርም በረንዳ ማማረጥ ቅንጦት ነው» ለሚሉት አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ዶርም ነፃ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ከተጀመረ ጀምሮ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ሊከፍል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ያቺን ቅጽ ሁላችሁም ፈርማችኋል፣ ብዙዎቻችሁ ሳታነቡ። ዶርሙ ኪራዩን በዱቤ የምትከፍሉበት ቤት ነው። ተከራይ ደግሞ «ይሄ ቤት ያፈሳል፣ መቀመጫም የለውም» የማለት መብት አለው። እኔ ይህን መብት በሃያ ዓመቴ ባውቅ ኖሮ ሰሃን ደረቴ ላይ አስቀምጬ አልተኛም ነበር።

እና አሁን ሥራ። የምድር ቤቱን ጥላና የፎቁን የጋራ ክፍል በእርሳስ ነድፌዋለሁ፣ አራት ገጽ ነው፣ የዕቃ ዝርዝርም ጀምሬለታለሁ። ዓይኔ ደክሞ ኮምፒውተር ላይ መሥራት አልችልም። ካድ የምትችሉ ሁለት ልጆች፣ አንድ ደግሞ የዋጋ ግምት የምትሠሩ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ነቀምቴ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ኑ፣ ቡናው በእኔ፣ በረንዳው ላይ ነኝ። ፎቶውን የላክህልኝ ልጅ፣ አንተ የሰመራውን ሜትር ይዘህ ለካልኝ፦ የመስኮቱን ስፋት፣ ጣሪያው ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትመታውን ጎን። ከነቀምቴው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ።